ሁለት ቁልፍ ያለው በር

አባቴን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬ በዲላ ጥቂት ናቸው። እነሱም ሲያገኙኝ የሚያነሱልኝ ቡና መፈልፈያውን ነው። ከጋሪ ጎማና ከሁለት የወይራ ግንድ የሠራው ነበር፤ አንዲት ሴት እጀታውን እያዞረች የአንድ ቀን የሙቀጫ ሥራ እስከ ረፋድ ትጨርስበታለች። እኔ ግን አባቴን ሳስብ የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። በግራና በቀኝ ቀዳዳ ያለው፣ አንድ ክንድ የሚሆን የእንጨት ሣጥን። ስለዚያ ሣጥን ከእናቴ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አባቴ ትምህርት ቤት አልገባም። ፊደል የለየው ከሰሜን ወደዚህ አገር ሲመጣ አብሮት ከተጓዘ ዲያቆን ነው፤ ዲያቆኑ ሲደግም እሱ ከትከሻው በላይ እያየ። እንጨትና ብረት ያስተማረው ሰው የለም። የተሰበረ ነገር ሲያገኝ ፈትቶ ያየዋል፤ ሲገጥመው ከቀድሞው ይሻላል። የነጋዴዎች ሚዛን ሲዛባ፣ የጠመንጃ ቃታ ሲላላ ወደ እኛ ቤት ይመጣ ነበር። ጌዴኦኛን ከሰፈራችን ሰው ሁሉ አብልጦ ይናገራል። መሬት የያዙት የሰሜን ሰዎችና ገባሮቻቸው ሲጣሉ ሁለቱም ወገን የሚጠሩት እሱን ነው። ሹመት አልነበረውም። ቢሆንም የጌዴኦ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር በሚሸንጉበት በሶንጎ፣ ሣር ላይ ተቀምጦ ሲናገር ይሰሙታል።

ጎረቤታችን የነበሩት ግራዝማች ብዙ ገባር ነበራቸው፤ በሶንጎ መዋሉ ያላግጡበት ነበር።

«አንተ ሰው፣ ዛሬም ከገባር ጋር ሣር ላይ ዋልክ?»

«ዋልኩ፣ ግራዝማች።»

«ምን ሲሉ ዋሉ?»

«እርስዎን ሲሉ ዋሉ።»

ግራዝማች ይስቃሉ። አባቴ አይስቅም።

ጣሊያን ዲላ ሲገባ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይሆነኝ ነበር። ገባርነት ቀረ ተባለ። የሰሜን ሰዎች መሣሪያቸውን አስረከቡ። ከዚያ ጣሊያኖቹ ቤተሰቦቻችንን ሁሉ ከዋናው መንገድ ዳር ወዳለ የቡና መጋዘን ግቢ ሰበሰቡን። አባቴ አንድም ገባር ኖሮት አያውቅም፤ የመጣበት አገር ግን ከእነ ግራዝማች ጋር አንድ ስለሆነ እሱም ገባ። «ለደኅንነታችሁ ነው» ተባልን። ግቢው ዙሪያውን በግንድና በእሾህ ሽቦ ታጠረ። በሩ አንድ ብቻ ነበር።

መጋዘኑን በጆንያ ከፋፍለን እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አንድ ማዕዘን ያዘ። የእርጥብ ገለፈት ሽታ ከልብሳችን አልለቀቀም። የመጀመሪያው ወር ክፉ ነበር። በሩ የሚታሰረው በገመድ ስለሆነ የፈለገ ሁሉ ይገባል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ወታደሮች ገቡና የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ትልቋን ልጅ ለልብስ አጠባ ብለው ወሰዷት። በሦስተኛው ቀን መለሷት። ሴትየዋ ሌሎች ሁለት ሴት ልጆች ነበሯት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱን ከጆንያ ክምር ጀርባ አስቀምጣ፣ እሷ ከፊታቸው ትቀመጥ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ በግራዝማችና በመሰሎቻቸው ላይ ቂም የያዙ ሰዎች ነበሩ። ቂማቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

አባቴ የግቢውን ሰው ሳያማክር ወደ ጣሊያኑ ካፒቴን ሄደ። የተነጋገሩትን በኋላ ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ።

«በሩ መቆለፊያ ይፈልጋል አልኩት።»

«እሱስ?»

«ቁልፉ በእኔ እጅ ከሆነ እሺ አለኝ። አንዱ በእርስዎ፣ አንዱ በጌዴኦ ሽማግሌዎች እጅ ይሁን አልኩት። አንደኛው ከሌለስ ሲለኝ፣ አይከፈትም አልኩት።»

«ተቆጣ?»

«ሳቀ። እንዴት እንደምትሠራው ማየት እፈልጋለሁ አለ።»

ካፒቴኑ ወታደሩ ጥቂት ነበር፤ በግቢው ደም ቢፈስ የሚጠየቀው እሱ ነው። በዚያ ላይ መኪናና ሰዓት መፍታት የሚወድ ሰው ነበር ይባላል። አባቴ ያሰበው ሌላ ነው። ሁለቱ ቁልፎች ካልተገናኙ ወታደር ብቻውን አይገባም፤ ቂመኛም ብቻውን አይገባም። እኛም ብቻችንን አንወጣም። ይህን የመጨረሻውን ያኔ ማንም ጮክ ብሎ አላለውም።

መቆለፊያውን ሲሠራ አጠገቡ ነበርኩ። በሣጥኑ ውስጥ ስድስት የእንጨት ችንካሮች አሉ፤ በራሳቸው ክብደት ወርደው መወርወሪያውን ይይዙታል። ቁልፎቹ እንደ ሚዶ ጥርስ ያላቸው እንጨቶች ናቸው። በቀኝ የሚገባው ሦስቱን ችንካር ያነሣል፣ በግራ የሚገባው ሌሎቹን ሦስት። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ካልገቡ መወርወሪያው ንቅንቅ አይልም። ከሣጥኑ ሥር ደግሞ ከትንሽ ጣቴ የምትቀጥን ቀዳዳ ነበረች።

«ይቺስ፣ አባባ?»

«የዝናብ ውሃ መውጫ ናት።»

ቀጥሎ አንዲት የቀርከሃ ስንጣሪ አለዘበና ሰጠኝ። «እስቲ በእሷ ወደ ላይ ግፊ።» ገፋሁ። ስድስቱ ችንካሮች አብረው ተነሡ፣ መወርወሪያው ያለ ቁልፍ ወጣ። አባቴ ለጥቂት ጊዜ አየው። መልሶ ገጠመው፤ ስንጣሪዋንም መሬት ላይ ጣላት። እኔ አነሣኋት።

በዚያው ሳምንት ሣጥኑን ለሽማግሌዎቹ ለማሳየት ወደ ሶንጎ ሄድን፤ የወታደሮቹ አለቃ ሹምባሹ ከኋላችን ይከተላል። ሣጥኑን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ። ሴት ልጅ ወደ ሸንጎው ስለማትጠጋ ሣጥኑን ለአባቴ ሰጥቼ ከእንሰቱ ሥር ቆምኩ። ጌዴኦኛ ስለምሰማ የሚሉት ሁሉ ይገባኝ ነበር።

በሶንጎ አይዋሽም። የዋሸን ሰው ማንም አይከሰውም፣ ማንም አይቀጣውም። ነገር ግን ራሱ ተመልሶ፣ በዚያው ቦታ፣ በራሱ አፍ ውሸቱን እስኪናገር ድረስ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይቀመጥም። ይህን በዲላ የማያውቅ ልጅ አልነበረም።

ቁልፉን ሊይዙ የተመረጡት አንድ ዓይናቸው የፈዘዘ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። ሣጥኑን በእጃቸው ዳበሱት።

«ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ መክፈቻ አለው?» አሉ።

አባቴ መዳፉን በሣጥኑ ሥር አሳለፈ።

«የለውም» አለ።

ሽማግሌዎቹም ቃል ሰጡ። በግቢው ያለን ሰው ከእነሱ ወገን የሚነካው የለም፤ ቆጮና ወተት ይመጣል፤ የሚወጣ ሰው ግን በበሩ ብቻ፣ በሁለቱ ቁልፍ ብቻ ይወጣል። ተመርቀን ተነሣን።

በመንገድ ላይ አባቴ አላየኝም። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ቀላል አይደለም፤ ደስ ብሎኝ ግን ነበር። ግቢው ስንደርስ ሣጥኑን በር ላይ መምታት ጀመረ። መዶሻ ላቀብለው ብል «ሂጂ፣ እናትሽን እርጂ» አለኝ። ከመጋዘኑ ውስጥ ሆኜ የመዶሻውን ድምፅ ሰማሁ። በር ላይ ሣጥን ለመምታት ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። ጧት ሽማግሌው በአንገታቸው ባንጠለጠሉት ቁልፍ፣ ሹምባሹ በኪሱ በያዘው ቁልፍ በሩን ይከፍታሉ። ሴቶች ወንዝ ወርደው ውሃ ይቀዳሉ። ፀሐይ ከፍ ሳትል ይዘጋል። ከቀትር በኋላ ለማገዶ አንዴ ይከፈትና እንደገና ይዘጋል። ወታደር ለብቻው አልገባም። ሴትየዋ ግን ሁለቱን ልጆቿን ከጆንያው ጀርባ ሳታወጣ ብዙ ቆየች።

ቆጮውን የምታመጣው የሽማግሌው ምራት ነበረች። ባሏ ከጣሊያን በፊት የግራዝማች ገባር ነበር።

«ግራዝማች፣» ትላለች በሽቦው ቀዳዳ እያሾለከች፣ «ዛሬ የማን እርሻ ነው የሚያበላህ?»

«የእግዚአብሔር» ይላሉ ግራዝማች ወደ መሬት እያዩ።

«እሱስ የሚያበላህ በእኔ እጅ ነው። በል፣ ሳይቀዘቅዝ ብላ።»

ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ግራዝማችም እየቆዩ አብረው መሳቅ ጀመሩ።

ሰው ሁሉ ሽቦውን እያየ ይውላል። ወንዶች ከአንዱ ግንድ እስከ ሌላው እርምጃቸውን ይለካሉ፤ ይመለሱና እንደገና ይለካሉ። እኔ እንደ እነሱ አልነበርኩም። ስንጣሪዋን ከቀሚሴ ጠርዝ ውስጥ ሰፍቻት ነበር። ሲጨንቀኝ በጣቴ እዳብሳታለሁ። ሁሉም ተዘግቶበታል፤ እኔ መውጫ አለኝ እል ነበር። አንድ ቀንም ልጠቀምባት አላሰብኩም። መኖሯ ይበቃኝ ነበር።

ዝናቡ ሲበረታ የበሩ ሣጥን አበጠ። መወርወሪያው ሲሳብ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ አባቴ በየጊዜው ሞራ ይቀባዋል። ለምን እንደሚያብጥ አልጠየቅኩም። በዚያው ወራት ካፒቴኑ ለአባቴ አንድ ነገር አቀረበለት። በሌላ ከተማ የጣሊያን ጋራዥ አለ፤ እዚያ ቢሠራ እኛንም ይዞ ከግቢው ይወጣል።

«ቃሉን በሶንጎ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለው አባቴ። «እኔ ከሄድኩ ሽማግሌዎቹ ቁልፉን ይዘው የሚመጡት ለማን ብለው ነው?»

እናቴ ይህን ስትሰማ ነፍሰ ጡር ነበረች። የምትሰፋውን ጨርቅ ገልብጣ በሌላው በኩል መስፋት ጀመረች።

ምጧ የመጣው በሩ በማይከፈትበት ቀን ነው። ሽማግሌው የሰው ሕይወት የጠፋበት ነገር ለመሸምገል ከጪጩ በላይ ወዳለው ደጋ ሄደው ነበር። ቁልፉ ወደ ሌላ ሰው እንዳይተላለፍ ቃል ስለገቡ ይዘውት ሄዱ። ለዚያ ቀን የሚሆን ውሃና እንጨት ከዋዜማው አስገብተን ነበር። እናቴ ገና ሁለት ሳምንት ይቀራታል ብለን ነበር።

ረፋዱ ላይ አዋላጇ ከጆንያው ወጣች። በግቢው ካሉት ሴቶች ሁሉ ብዙ ያየች እሷ ነበረች።

«እጁ ቀድሞ መጣ» አለችው አባቴን። «ከእኔ አቅም በላይ ነው። ሐኪም ቤት ካልደረሰች ሁለቱም አይተርፉም።»

የጣሊያን ሐኪም ቤት ከበራችን ይታያል። ነጭ ግድግዳ ነበረው። ከመንገዱ ማዶ ነው።

አባቴ በሽቦው ውስጥ ሹምባሹን ጠራው። ሹምባሹ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አሳየው።

«የኔ ይኸውና። የነሱ የታለ?»

«ሚስቴ ልትሞት ነው።»

«ካፒቴኑ ይርጋጨፌ ነው ያለው። እሱ በሌለበት በር ብሰብር እኔን ይሰብረኛል። አንተ አይደለህ የሠራኸው? ክፈተዋ!»

ሰው በሩ ላይ ተሰበሰበ። የሽማግሌው ምራት በዚያች ሰዓት ቆጮ ይዛ ደርሳ ነበር። ነገሩን እንደሰማች ቅርጫቷን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ወደ ጪጩ መንገድ መሮጥ ጀመረች። ማንም አልላካትም።

ግራዝማች ወደ አባቴ ተጠጉ። ሲያላግጡበት የነበረው ድምፅ ጠፍቷቸው ነበር።

«ወንድሜ፣ አንተን የመሰለ ብልሃተኛ ለራሱ ቀዳዳ ሳይተው አይቀርም። እባክህ። እኛ ዞር እንላለን።»

«ሁለት ቁልፍ ነው ያለው፣ ግራዝማች።»

«እንግዲያው መጥረቢያ እናምጣ። እንስበረው!»

ሦስት አራት ወንዶች «እንስበረው» አሉ። አንዱ ግንድ የምንፈልጥበትን መጥረቢያ አመጣ። አባቴ ተቀበለው። በዚያን ጊዜ ያቺ ባሏ የሞተባት ሴት ከመጋዘኑ ደጃፍ ቆማ ነበር፤ ሁለቱ ልጆቿ ከኋላዋ። ወደ አባቴ አላየችም፤ የምታየው በሩን ነበር። አባቴ አያት። መጥረቢያውን ከእግሩ ሥር አስቀምጦ በላዩ ቆመ።

«ሽማግሌው ይመጣሉ» አለ።

እኔ ይህን ሁሉ ከጎን ሆኜ አየሁ። ሰዉ ወደ አባቴ ዞሮ ሲጨቃጨቅ በበሩ ሥር ተንበረከክኩ። የቀሚሴን ጠርዝ በጥርሴ ቀደድኩና ስንጣሪዋን አወጣሁ። ቀዳዳዋን በጣቴ ፈልጌ አገኘኋት። ስንጣሪዋን አስገባሁ። የጥፍር ያህል ገባችና ቆመች። ገፋሁ። እንደገና ገፋሁ። ተሰበረች። በጣቴ ዳበስኩ፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ሌላ እንጨት ነበር፣ ከሣጥኑ ጋር አንድ እስኪሆን የተመታ።

ቀና ስል ሽቦው ከወትሮው የቀረበ መሰለኝ። ከዚያ በፊት እስረኛ መሆኔን አላውቅም ነበር ብል ውሸት አይደለም። ከመጋዘኑ የእናቴ ድምፅ ይሰማል። እየቀነሰ ነበር።

ሽማግሌው የደረሱት ፀሐይ ካዘቀዘቀ በኋላ ነው። ምራታቸው ከኋላ፣ እሳቸው ከፊት፣ በዚያ ዕድሜያቸው እየሮጡ። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ነበር። ቁልፉን ከአንገታቸው ሲያወጡ አባቴ በሽቦው ውስጥ እጁን ዘርግቶ ክንዳቸውን ያዘላቸው። ሁለቱ ቁልፎች ገቡ። መወርወሪያው አልወጣም፤ አብጦ ነበር። ሹምባሹ በቦቲው መታው። አባቴ ከውስጥ፣ ግራዝማችም ከአባቴ ጋር ሆነው ሳቡት። ውሃ ከሣጥኑ ውስጥ ተንጠባጠበ። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ ጊዜ ልገምት ሞክሬያለሁ።

በቃሬዛ አሻገሯት። እናቴ ተረፈች። ሕፃኑ ወንድ ነበር፤ አልተረፈም። እናቴ ከዚያ በኋላ አልወለደችም።

ግቢው ውስጥ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ቆየን። በሩ አልተሰበረም። የዚያች ሴት ሁለቱ ልጆች አደጉ፤ አንደኛዋ ከግቢው እንደወጣን ተዳረች። «የለውም» ካለበት ቀን ወዲህ አባቴ ወደ ሶንጎ አልሄደም። ሽማግሌዎቹ አስጠሩት፤ አመመኝ አለ። ደግመው አስጠሩት፤ አልተመቸኝም አለ።

ወደ ቤታችን በተመለስን በሳምንቱ ሣጥኑን ተሸከሚልኝ አለኝ። ያኔ ከእሱ ትከሻ ደርሼ ነበር። ሶንጎ ስንደርስ እንደ ድሮው ከእንሰቱ ሥር ቆምኩ። አባቴ ሣጥኑን በሣሩ ላይ አስቀመጠ፤ እሱ ግን ቆሞ ቀረ።

«ሌላ መክፈቻ አለው ወይ ብላችሁኝ የለውም ብዬ ነበር» አለ። «ነበረው። ከዚህ ተመልሼ ነው የደፈንኩት። እስክደፍነው ድረስ ውሸት ነበር።»

ዓይናቸው የፈዘዘው ሽማግሌ ሣጥኑን ገልብጠው የተመታውን እንጨት በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ጠርጥረን ነበር» አሉ።

«ለምን ደግማችሁ አልጠየቃችሁኝም?»

«አንድ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚጠየቀው።» ከአጠገባቸው ያለውን ሣር በእጃቸው መቱ። «በል፣ ተቀመጥ። አንገቴ ደከመኝ ቀና ብዬ ሳይህ።»

አባቴ ተቀመጠ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ስለ አንድ የድንበር ክርክር መነጋገር ጀመሩ፤ ጥቂት ቆይቶ የእሱም ድምፅ ተሰማ።

እኔ ቀድሜ ወደ ቤት ሄድኩ። እናቴ በሰፌድ ምስር ትለቅም ነበር። የሰማሁትን ነገርኳት። ከዚያ ለዓመታት ያልተናገርኩትን ጨመርኩላት፤ ያን ቀን በሩን ልከፍተው ሞክሬ ነበር አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ቀሚስሽን የማጥበው ማን ሆነና? ስንጣሪዋ እዚያ እንዳለች አውቅ ነበር። ስለ ቀዳዳዋም አባትሽ ገና ሲሠራው ነግሮኛል። መድፈኑን ግን አልነገረኝም።»

የምትለው ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እንግዲያው ያን ቀን ሊከፈት እንደሚችል ታውቂ ነበር።»

«ይከፈታል ብዬ ነበር የተኛሁት።»

«ለምን አልጠራሽኝም?»

እናቴ ሰፌዱን አንዴ አነፈሰችው። ገለባው ወደ ዳር ወጣ።

«ከተኛሁበት የዚያች ባሏ የሞተባት ሴት ልጆች ይታዩኝ ነበር» አለች። «አንዴ ያለ ቁልፍ የተከፈተ በር ለወታደርም ይከፈታል።»

ከዚያ ጠጠር ለይታ በመዳፏ ሰጠችኝ፤ እኔም ወደ ውጭ ጣልኩት።